በግራህ!

ወንድሜን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጉደኛው» በሚለው ስም ነው። ጌም እየተጫወተ የሚጮህ፣ የሚምል የሚገዘት፣ ከወንበር የሚወድቅ፣ ስድስት መቶ ሺህ ተከታይ ያለው ጉደኛው። እኔ ታላቅ እህቱና ኤዲተሩ ነኝ። እሱ ሦስት ሰዓት ይቀረጻል፤ እኔ ከአጠገቡ ባለው ክፍል ተቀምጬ ሦስቱን ሰዓት ወደ አሥር ደቂቃ አወርደዋለሁ። ቀልዱ የእሱ ነው፤ ሰው የት ላይ እንደሚስቅ የምወስነው ግን እኔ ነኝ። በዚህ አልደራደርም።

ድሮ ሞባይል ጥገና ቤት ይሠራ ነበር። የሰው ስልክ ስክሪን ቀይሮ «እስቲ ልሞክረው» ይልና ጌም ይከፍታል፤ ሲሸነፍ የሚያሰማው ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ሰው ይሰበስባል። እኔ ያኔ የሠርግ ቪዲዮ ነበር የምቆርጠው። አንድ ቀን ሳያየኝ ቀረጽኩት፣ ቆራርጬ ለቀቅኩት። በሳምንቱ አለቃው አባረረው። በወሩ ያው አለቃው «የእኛ ልጅ እኮ ነው» እያለ ለደንበኛ ያወራ ጀመር። ሰው እንዲህ ነው።

ትልቁን ቀልዳችንን ያገኘነው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ጠላት በግራ በኩል ሲመጣ ጉደኛው አያየውም። ሰውዬው ጠመንጃውን ደቅኖ አጠገቡ ቆሟል፣ እሱ እያፏጨ ይሄዳል። ከዚያ ድፍት! «ከየት መጣ ይሄ?!» ብሎ ሲጮህ፣ እኔ ያንኑ መልሼ፣ ቀስ አድርጌ፣ የአህያ ድምፅ ጨምሬበት አሳያለሁ። ሕዝቡ አበደ። «በግራህ!» የሚል ካናቴራ አሳትመው የለበሱ አሉ። መንገድ ላይ ልጆች «በግራህ!» ይሉትና ደንግጦ ሲዞር በሳቅ ይሞታሉ። እኔ ደግሞ ትወና መስሎኝ እኮራበት ነበር። እኛ ቤት ደንብ አለ፦ የሠራ ቀልድ እንዴት እንደመጣ አይጠየቅም። ከጠየቅከው በማግሥቱ ማስመሰል ይመጣበታል፣ ያኔ አለቀለት። ስለዚህ አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ሳነብ አንዷ እንዲህ ብላለች፦ «የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። ልጆቼ ሲያዩት አብሬ አየሁት። ይህ ልጅ እየቀለደ አይደለም፤ በግራ በኩል አያይም። ራሱን እንዴት እንደሚያዞር ተመልከቱ። እባካችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩት።»

«ምቀኛ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ላጠፋው እጄን ሰነዘርኩ። ከዚያ ብርጭቆው ትዝ አለኝ።

ወንድሜ ሲቀረጽ ብርጭቆ ይደፋል። እሷ ይህን ልታውቅ አትችልም፤ አያስቅም ብዬ ሁሌ ቆርጬ የምጥለው እኔ ነኝ። ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈትኩ። ባለፈው ሳምንት ደፍቷል። ከዚያ በፊት ባለውም ደፍቷል። ከወር በፊት፣ ከሦስት ወር በፊት፣ ከስድስት ወር በፊት... ሁልጊዜ በግራ እጁ በኩል ያለውን። ክው አልኩ።

እንደምንም ተነስቼ ወደ መቅረጫው ክፍል ገባሁ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጫወታል። በግራው ቆምኩ። እጄን አነሳሁ። ምንም። ምላሴን አወጣሁበት። ምንም። ጉንጩ ጋ ስንዝር ያህል ቀርቤ ጣቶቼን አወዛወዝኩ፤ ወንድሜ ያፏጫል። የእናት ያለህ! ዞሬ በቀኙ ስመጣ ከወንበሩ ዘለለ።

«ኧረ እትዬ! በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው? መቼ ገባሽ?»

«አንተ፣ በግራህ ታያለህ ወይስ አታይም?»

የሚቀልድበትን ፊት ማዘጋጀት ጀመረ፤ አውቀዋለሁ፣ ፊቱ እንጀራዬ ነው። ከዚያ ተወው።

«ትንሽ ደብዘዝ ይልብኛል» አለ።

«ትንሽ?!»

«አትጩሂ እንጂ።»

ጮህኩ። በምድር ላይ ያለ ስድብ አልቀረኝም። የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ሳያስር እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። በማግሥቱ የወንድሜን የጭንቅላት ምስል መብራት ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ችግሩ ዓይኑ ላይ አይደለም» አለን። «ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ አለ፣ የዓይኑን ነርቭ ተጭኖታል። አርብ ኦፕራሲዮን እናደርገዋለን። የቀረውን እይታ እናተርፋለን ብዬ አስባለሁ። የሄደው ግን አይመለስም። እንደጀመረው ቢመጣ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። ሐኪሙ ብዕሩን አወጣ።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«እንጃ ዶክተር።»

«በግምት?»

«ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ሆነው» አልኩ እኔ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው። «ቅዳሜ ከሰዓት። መቅረጽ በጀመረ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል።

«ይህን ያህል አጥርተሽ ካወቅሽ፣ ያኔውኑ ለምን አላመጣሽውም?»

ምን ልበለው? የአህያ ድምፅ ስፈልግለት ነበር ልበለው?

«እሷን ተዋት ዶክተር» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈርቼ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ፊቴን የምታየው እሷ ናት፣ አንድ ነገር ቢኖር ከእኔ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሆና ስትስቅ እሰማታለሁ። እሷ ከሳቀች ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከወቀሳ ሊያድነኝ ብሎ ነው የተናገረው። ሐኪሙም ራሱን ነቀነቀና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው። እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅኩት፣ ያን ቅዳሜም፣ ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ።