የአምስት መቶው ዕቁብ

ደማቀች ዳቡቅ ዓረብ አገር ሄዳ አማን ከተማ ከሚስተር ዳውድ ቤት ስትቀጠር ልጇ ሳሮን ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሳሮን አድጋ አዳማ ላይ ኤልሳቤት ከሚባሉ ሴት ጸጉር ቤት ተቀጠረች፤ እናት ግን ያንኑ የሰው ቤት ስትወለውል ቀረች። ከእግዜር የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ልጇ የራሷ ጸጉር ቤት ኖሯት የእናቷን መንገድ እንዳትከተል። ጫማዋን ሰፍታ እያደረገች ገንዘብ የምታጠራቅመው ለዚሁ ነበር።

የምታጠራቅመውም በዕቁብ ነው። ዕረፍት ያገኙት የአገሯ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ተላዕ አል-ዓሊ በሚባለው ሰፈር፣ ዘውድነሽ ከተከራየችው ክፍል ይሰበሰባሉ። ዘውድነሽ ከአሠሪ ቤት ወጥታ በቀን ሥራ የምትኖር፣ ምላሷ የሚቆርጥ፣ ልቧ ግን የሚራራ የዕቁቡ ዳኛ ናት። በጥር ዕጣው ለደማቀች ደረሰና ሁለት ሺህ ዲናር እጇ ገባ። ጸጉር ቤት ለመክፈት ግን አይበቃም።

ሚስተር ዳውድ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ሻያቸውን ይዘው ኮምፒውተር ላይ የምትወጣና የምትወርድ መስመር ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን አቧራ ስታራግፍ ጠየቀቻቸው።

«ሚስተር፣ ይሄ የልብ ምርመራ ነው?»

ሳቁ። «የአሜሪካ ልብ ነው። ሙአሺር ይባላል። የአምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድ ላይ የሚለካ ነው።»

«የትኛውን ይገዛሉ ታዲያ?»

«አልመርጥም። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ አለኝ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል።»

ደማቀች የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ብዙዎች አንድ ላይ ሆነው፣ አንዱ ሲጎድልበት ሌላው የሚሞላ ከሆነ ይሄማ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ምን እንደሆነ በዓረብኛዋ አስረዳቻቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «ይመስላል» አሉ። «ግን ይሄ ለብዙ ዓመት ላይነካ ነው የሚገባው» ሲሉም ጨመሩ። ደማቀች ራሷን ነቀነቀች። ዘውድነሽም ዕቁብ በተጀመረ ቁጥር «የቸኮለ አይግባ» ትላለች፤ የቸገረው ሲመጣ ግን ፊት አትነሣውም። ሁለት ሺሁን አምጥታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በሷ ስም ገዙላት።

ሁዳዴ ጾም ሲገባ መስመሯ ቁልቁል ወረደች። ብዙም ሳይቆይ በኮሮናው ምክንያት አማን ላይ ጡሩንባ ተነፋ፤ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ታወጀ። ዓርብም ዕቁብም ቀረ። በዚያው ሰሞን ሳሮን ደወለች።

«እማ፣ እትዬ ኤልሳቤት ሊሸጡት ነው። ወንበሩን፣ የጸጉር ማድረቂያ ካስኩን፣ የቤቱን ኪራይ ውል ጨምረው። ኮሮናውን ፈርተው ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። በሁለት ሺህ ዲናር ሒሳብ ይሰጡኛል፤ ሌላ ጊዜ በዚህ ዋጋ አይታሰብም። እስከ መድኃኔዓለም ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብለውኛል።»

ደማቀች ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ሚስተር ዳውድ ጋ ሄደች።

«አሁን መሸጥ ሞኝነት ነው» አሏት። «ጠብቂ። ይመለሳል።»

«መቼ?»

«ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ማን ያውቃል።»

ደማቀች የምታውቀውን መንገድ አሰበች። የዕቁብ ጓደኛዋ የእየሩሳሌም እናት አገር ቤት የሞቱ ጊዜ ዕጣው የደረሰው ለደማቀች ነበር። ቀብሩ አይጠብቅም፣ የኔ ጉዳይ ይጠብቃል ብላ ዕጣዋን ለእየሩሳሌም ለቀቀች፤ እሷ በእየሩሳሌም ተራ ወሰደች። ዕቁብ ማለት ይሄው ነው፤ መጠበቅ የሚችለው ለማይችለው ይለቃል።

«እንግዲያው ዕጣዬን እርስዎ ይውሰዱልኝ» አለች። «እርስዎ መጠበቅ ይችላሉ። ያስገባሁትን ብቻ ይስጡኝ። ሲመለስ የእርስዎ፣ ትርፉም የእርስዎ።»

አልተቆጡም። ተማሪው አልገባው ያለ መምህር እንደሚያደርገው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ሺህ ስትገዢው ነበር፣ ደማቀች። ዛሬ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ነው። ከፈለግሽ በዛሬው ዋጋ እኔው እገዛዋለሁ፤ ኮሚሽንም አልወስድብሽም።»

«ይመለሳል ብለውኛል እኮ።»

«ይመለሳል።»

«ታዲያ የሚመለስ ከሆነ ያስገባሁትን ለምን አይከፍሉኝም?»

«ገበያ የዛሬን ነው የሚከፍለው» አሉ።

ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ዘውድነሽ ጋ ደወለች፤ የሆነውን ነግራት ከዕቁቡ የጎደለውን እንድትሞላላት ለመነቻት።

«ከየት አምጥቼ፣ እቴ? ግማሾቹ ደመወዝ ካዩ ቆይተዋል። እኔም ራሴ ሥራ ካየሁ ቆየሁ፤ ምስር እየበላሁ ነው ያለሁት።» ቀጥላም «አምስት መቶ ሆነው ዕቁብ ሲጥሉ ዳኛው ማነው ብለሽ አልጠየቅሽም?» አለቻት።

«ኩባንያዎች ናቸው፣ ሰው አይደሉም።»

«የቀብር ነገር የማይገባቸውማ ለዚህ ነው። ሰውየውስ? እሱም ኩባንያ ነው?»

«ጥፋት አላደረገም፣ ዘውዴ። የነገረኝ ነው የሆነው።»

«እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው» አለች ዘውድነሽ።

ደማቀች አንድ ሺህ ሦስት መቶውን ተቀበለች። ዘውድነሽ በምታውቀው ገንዘብ አስተላላፊ በኩል አዳማ ላከች፤ ሳሮንም ወስዳ ለኤልሳቤት አሳየች። ቀሪውን ቀስ እያልኩ ልክፈል ብላ ለመነች። ሴትዮዋ አዝነው ነበር፤ ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነጋዴው ወንበሩንም ካስኩንም ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደ፤ ሳሮንም የነበራትን ሥራ አጣች። የእናቷ ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለጤፍ እየተመነዘረ አለቀ።

ነሐሴ ላይ ክልከላው ላላ ብሎ የሚስተር ዳውድ ወንድሞች ለምሳ መጡ። ደማቀች መቅሉባ የሚሉትን የሩዝና የሥጋ ምግብ ከድስቱ ትሪ ላይ ገልብጣ አቀረበች። ሚስተር ዳውድ ደስ ብሏቸው ያወራሉ።

«ሁሉም ሲሸሽ እኔ ገዛሁ። ይኸው መስመሩ የነበረበት ደርሶ አልፏል። ምስክሬ ደማቀች ናት። ይመለሳል አላልኩሽም?»

«ብለውኛል፣ ሚስተር።»

«ቸኮለች እንጂ!» አሉ ለወንድሞቻቸው። ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ታናሽየው እንዲያውም ለራሱ ሳይቆርስ ከሥጋው ለሷ እንዲቀመጥላት አሳሰበ።

ያን ዕለት ጠዋት ሳሮን ፓስፖርት ማውጣቷን ነግራት ነበር። ሠራተኛ ላኪ ኤጀንሲዎቹ መመዝገብ ጀምረዋል፤ ቤይሩት ይሁን ሪያድ የደረሳት ቦታ ትሄዳለች። ደማቀች አልቅሳ ከለከለቻት። ሳሮን «ታዲያ ምን ልሁን፣ እማ?» አለቻት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳም፣ የሚስተር ዳውድ ሚስት፣ ሳሎን ብቻዋን ቀረች። ደማቀች ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ከጨረሰች በኋላም ቆመች።

«ማዳም፣ ዴር ግባር ሰፈር ያሉት እህትዎ ሠራተኛ አገኙ?»

«የት አግኝታ። ምነው፣ የምታውቂያት አለች?»

«ልጄ አለች።»

ማዳም ቀና አለች። «እንዳንቺ ናት?»

ከማታውቀው ቤት፣ ማንም ከሌላት ከተማ ከምትገባ፣ እዚሁ ዓርብ ዓርብ የማያት ቦታ ትሁን ብላ ነበር ደማቀች የመጣችው። ለዚህም ቢሆን ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው ማሞገስ ነበረባት።

«ከእኔ ትሻላለች» አለች። «ጸጉርም ትሠራለች።»

ማዳም የራሷን ጸጉር ዳሰስ አደረገች። «ይሄማ ጥሩ ነው» አለችና ለእህቷ ልትደውል ስልኳን አነሣች።