የጋሽ ፉልክራን ካሪኛን

ባለቤቴ ማግሎን ወይኗን ያለ ኬሚካል ማልማት ከጀመረች ወዲህ ጎረቤታችን ጋሽ ፉልክራን ባስቲድ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ሥራቸው በእሷ ላይ መሳቅ ነበር። የእኛንና የእሳቸውን ማሳ የሚለየው አንድ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ነው። ከካቡ ወዲህ በወይኑ መሃል ሳሩም አበባውም እንዳሻው ይበቅላል፤ ከካቡ ወዲያ ከድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በእኛ በኮርቢየር ኮረብቶች ደግሞ የገበሬ ክብሩ የማሳው ንጽሕና ነው፤ ንጹሕ ማለትም ባዶ ማለት ነው።

«ማግሎን፣ ወይኑ የት ገባ? ላፋልግሽ?» ይሏታል በካቡ ላይ ተደግፈው።

«እርስዎ መነጽርዎን ያድርጉ እንጂ አለ። የእርስዎስ ማሳ ቢሆን? ራሰ በራ። በባለቤቱ ወጥቶ።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። «ጠፋ፦ ሦስት ሺህ የወይን ግንድ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ሳር ውስጥ ነው። ያገኘ ለማግሎን ይንገር።» ማግሎን ማስታወቂያውን ነቅላ ኩሽናችን ውስጥ ሰቀለችው። ጽሕፈታቸው እንዴት ያምራል፣ አለች።

እኔ ኦዲሎን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ስለ ወይን የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መሃል ጣልቃ አልገባም ነበር። ሆኖም አልቀረልኝም። በሰባተኛው ዓመት ማግሎን ግሬናሽና ሲራ ከሚባሉት የወይን ዝርያዎቿ ያዋሃደችውን ቀይ ወይን ጠጅ ይዛ እሳቸው ዘንድ ሄደች። ጋሽ ፉልክራን አሽተቱ፣ ጎነጩ፣ ጉንጫቸው ውስጥ አገላበጡና ዋጡት።

«ጥሩ ነው። ደግ ነገር ነው። ልክ እንደ ባልሽ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። «ጥሩ ሰው፣ ምንም አይወጣለትም። ከክፍሉ ሲወጣ ግን ማንም ልብ አይለውም። አጥንት ይጎድለዋል።»

ማግሎን ቤት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እውነታቸውን ነው» አለች።

«ስለ ወይን ጠጁ ነው ወይስ ስለ እኔ?»

«ስለ ወይን ጠጁ» አለች፤ ግን ትንሽ አሰብ አድርጋ ነው።

አጥንት የሚሰጠው ምን እንደሆነም ታውቅ ነበር፤ ካሪኛን የሚባለው የወይን ዝርያ፣ ያውም ያረጀው። በአካባቢያችን ያለው አብዛኛው ተነቅሎ አልቋል። የቀረው ካንቶሉብ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከሸንተረሩ ጀርባ፣ ትራክተር የማይወጣበት ቦታ። እሱን ደግሞ የተከሉት የጋሽ ፉልክራን አባት ናቸው። ጸደይ በመጣ ቁጥር ጋሽ ፉልክራን የአረም መድኃኒት መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደዚያ ሲወጡ መንደሩ ሁሉ ያያቸዋል። ስለዚህ ማግሎን ካንቶሉብን ከሐሳቧ አውጥታው ነበር።

በዚያው ክረምት የጋሽ ፉልክራን ዳሌ እምቢ አለ። ናርቦን ከተማ ሄደው አስቀየሩትና እህታቸው ቤት ሊያገግሙ ተኙ። የካቲት ገብቷል፤ ወይናቸው አልተገረዘም። ማግሎን ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔና ኦዲሎን እንገርዝልዎታለን።»

«የታችኛውን ግረዙ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካንቶሉብን ግን ተዪው።»

«ለምን?»

«ሩቅ ነው። ባልሽ ይደክመዋል።»

የታችኛውን በአራት ቅዳሜና እሑድ ጨረስን። ማግሎን ግን ሥራ አጋምሳ የምትተው ሴት አይደለችም። በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ነፋሱ ኮፍያዬን ሁለት ጊዜ እየነጠቀኝ፣ ካንቶሉብ ወጣን።

ሸንተረሩን ስንሻገር ማግሎን ቆመች። ከፊታችን ያለው ማሳ ከእኛም የባሰ ነበር። በእነዚያ ጠማማ ግንዶች መሃል ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ጦስኙ ከካቡ ወርዶ ግማሹን መንገድ ይዟል። ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ቆፈር ስታደርገው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተፈረካከሰ። በእያንዳንዱ ግንድ ሥር ደግሞ እንደ ጣት የቀጠነ የዱር ባሮ ሽንኩርት በቅሏል። ባሮው የአረም መድኃኒት በነካው መሬት ላይ አይታሰብም።

«እዚህ ከተረጨ ዓመታት አልፈውታል» አለች።

«በየዓመቱ መርጫውን አዝለው ሲወጡ አላየንም?»

ማሳው ጥግ ያለችው የመሣሪያ ጎጆ በር ክፍት ነበር። መርጫው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ክዳኑን ከፈትኩት። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ሹካና ቢላዋ፣ ጨው፣ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤና አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት አለ። ማግሎን መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማግስቱ ከዚያው ከካንቶሉብ የነቀለችውን ባሮ ቀቅላ፣ ኮምጣጤና ዘይት አድርጋበት፣ በሳህን ይዛ እህታቸው ቤት ሄድን። ፊታቸው አስቀመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋሽ ፉልክራን ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ተዪው ብዬሽ ነበር» አሉ።

«ነግረውኛል።»

«ባልሽ ደከመው?»

«እሱ ደህና ነው። ጋሼ፣ ሳይረጩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ ሰባት ነው። ይቀድሙኛላ!»

አንድ ባሮ በሹካ አንስተው በሉ። ከዚያ እያዩን ሳይሆን ሳህኑን እያዩ ነገሩን። ባለቤታቸው ሲዶኒ በየክረምቱ ካንቶሉብ ወጥታ ባሮ ትለቅም ነበር። አንድ ዓመት ጊዜ አጠረባቸውና እዚያም ረጩ። በቀጣዩ ክረምት ሲዶኒ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች፣ ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

«አንድ ቃል አልተናገረችኝም» አሉ። «በሚቀጥለው ቀን ገበያ ሄዳ ያንን ወፍራሙን ባሮ ገዝታ መጣች። ሠርታ አቀረበችልኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እዚያ ረጭቼ አላውቅም። ባሮው ለመመለስ አራት ዓመት ፈጀበት። እሷ ሁለት ክረምት ብቻ በልታው አረፈች።»

እህታቸው ከምድጃው ዞር አለች።

«እና እኔ ላይ የሚስቁት ለምን ነበር?» አለች ማግሎን በመጨረሻ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«መጀመሪያ በአረሙ አፍሬ፣ የምረጭ ለመምሰል መርጫውን ተሸከምኩ። ቀጥሎ አንቺ መጣሽ። አንዴ ስቄብሽ ነበር፤ እንዴት ልመልሰው? ነገሩ ረዘመብኝ።»

ማግሎን ያኔ ነው ካሪኛኑን የጠየቀቻቸው። ከእሷ ወይን ጋር ለማዋሃድ ግን ያለ ኬሚካል መልማቱን የሚያረጋግጥ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያም ማሳው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት መቆጠር ነበረበት።

«በሰባ ስምንት ዓመቴ ሦስት ዓመት ጠብቅ ትይኛለሽ?»

«ዳሌዎ ገና አዲስ ነው።»

ተመዘገቡ። ማሳውን የምትመረምረው ተቆጣጣሪ ስትመጣ፣ አረሙን በምን ዘዴ እንደሚከላከሉ ጠየቀቻቸው። «እበላዋለሁ» አሏት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸውና እንደዚያው ጻፈችው። ወሬው ካፌ ሲደርስ የካርታ ጓደኞቻቸው ጉድ አፈሉ። አንዱ ወንበራቸው ላይ የሳር እቅፍ አስቀመጠ፤ ሌላው ለምሳ ድርቆሽ ይዘዝልዎት ወይ አላቸው። ጋሽ ፉልክራን ካርታቸውን እያደላደሉ ቻሉት። ተራው የእሳቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም መጨረሻ ካንቶሉብን በእጅ ለቀምን። የከርከሮዎቹ ድርሻ ቀድሞ ተበልቶ ነበር፤ የቀረው ፍሬ ግን ትንሽ፣ ጥቁር፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። ጥር ላይ የማዋሃዱ ቀን ደረሰና ማግሎንና ጋሽ ፉልክራን መጥመቂያ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ደርድረው ከጠዋት ጀምሮ ተከራከሩ። እሷ ከአሥር እጅ ሁለት ካሪኛን ይበቃል ትላለች፤ እሳቸው አምስት ካልሆነ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ በአራት እጅ ተስማሙ። እኔም እንድቀምስ ጠሩኝ። መጀመሪያ የግሬናሹ ፍሬ መጣ፣ ከዚያ የሲራው ቅመም፤ ሁለቱ ሊጠፉ ሲሉ ከበታቻቸው አንድ ጠንካራ ነገር ተነሥቶ ያዛቸው። ሁለቱም ፊቴን ያዩኝ ነበር። መልካም ነው ብዬ ብርጭቆዬን ደግሜ ዘረጋሁ።

ስሙ አጨቃጨቀ። ማግሎን ጠርሙሱ ላይ «ፉልክራን» እንጻፍ አለች።

«ሰዉ ሞቷል ይለኛል።»

«እሺ፣ ሲዶኒ እንበለው።»

«ሲዶኒ በሕይወቷ ወይን ጠጅ ቀምሳ አታውቅም። ቢራ ነበር የምትወደው» አሉ።

ካንቶሉብ ተባለ።

በበጋው ጋሽ ፉልክራን በየጠዋቱ መጥመቂያ ቤታችን በር ላይ ባለው ጥላ ሥር መቀመጥ ለመዱ። አንድ ቀን ከቤልጅየም የመጡ ባልና ሚስት ሊቀምሱ ገቡ። ጋሽ ፉልክራን ስለ ሕያው አፈር፣ ስለ ትል፣ መሬትን መመረዝ እንዴት ያለ ድንቁርና እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዷቸው። ማግሎን እጇን አጣጥፋ ከኋላቸው ቆማ ታዳምጣለች። በመሃል ዞር አሉና፣ «ማግሎን፣ ለእንግዶቹ ንጹሕ ብርጭቆ አምጪ እንጂ» አሏት።

ሴትየዋ ወደ ማግሎን ጠጋ ብላ፣ «የመጥመቂያ ቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔም ዛሬ መስማቴ ነው» አለች ማግሎን፣ ብርጭቆውን ልታመጣ እየሄደች።