ግራጫው ቀለበት

ማውዙን ይዛ የዕጢውን ዙሪያ እያሰመረች ግማሽ ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

"ኧረ ተዉኝ!" አለች ጮክ ብላ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማት አልነበረም። አብሯት የሚሠራው ሰውዬ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል፤ እሱ ቢኖር ኖሮ ይህ ፋይል የሱ ነበር። ሥራቸው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ከሲቲ ስካን ክፍል የሚመጣውን የጉበት ምስል ገጽ በገጽ እየገለጡ፣ በእያንዳንዱ ላይ የዕጢውን ዳር በመስመር መክበብ ነው። የቀረውን ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ዕጢው ከሦስት ወር በፊት ከነበረው በመቶ ስንት እንዳደገ ይናገራል። ከሃያ በታች ከሆነ በሽተኛው መድኃኒቱን ይቀጥላል። ከሃያ ካለፈ መድኃኒቱ አልያዘለትም ማለት ነውና ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሕመም ማስታገስ ብቻ ነው። ለማንም እንዳያዳሉ ደግሞ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። የዛሬው አርባ አንድ ነው።

ሰው ግን በስሙ ብቻ ነው እንዴ የሚታወቀው! አርባ አንድ ቁጥር ግራ ኩላሊት የለውም። በቦታው ትንንሽ የብረት መቆንጠጫዎች ያበራሉ። በቀኙ በኩል ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው፣ ጠመም ብለው ገጥመዋል። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲያስር የወደቀ አንድ ሹፌር ታውቃለች። ግራ ኩላሊቱን የት እንዳደረገው ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። እሷ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።

ወንድም ጋሼ ነው።

ያኔ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ስታለቅስ፣ "ምን ያስለቅስሻል? ስኮርታ ጎማዬን ነው የሰጠሁሽ፤ ዋናው አለኝ" ብሎ አስቋት ነበር። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ጸጉሯን ሳይቀር እሱ ነበር የሚሠራት፣ ያውም ዓይኗ እስኪጎተት ድረስ እያጠበቀ። ሰሞኑን ከስቶ ስታየው "ጨጓራዬ ነው ባክሽ፣ ቅባት ትቻለሁ" አላት። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉበት ስትለካ የምትውል ሴት፣ ጨጓራ ነው ሲላት አመነችው! አንድ ጊዜ ደግሞ "የበሽተኛው ስም ይታያችኋል እንዴ?" ብሎ ጠይቋት፣ "ቁጥር ብቻ" ስትለው ተንፈስ ብሎ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። በሱም በራሷም ተናደደች።

እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ መስመሩን ቀጠለች። ዕጢው መሐሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ደብዘዝ ያለ ግራጫ ቀለበት አለው። ቀለበቱም ዕጢ ነው፤ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው። እሷ ግን መስመሩን በቀለበቱ ውስጠኛ ዳር አስኬደችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ በሁሉም ገጽ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ቆየና ቁጥሩን አወጣ። አሥራ ሰባት በመቶ።

ደስ አላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ከልቧ ደስ አላት። መላኪያውን መጫን ብቻ ነበር የቀራት።

ያኔ ያለፈው እሑድ ትዝ አላት። ቤቷ መጥቶ ሹካ መያዝ አቅቶት ነበር። "ብርዱ ነው" ብሎ ጣቶቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ብርድ አልነበረም፤ ያ መድኃኒት የጣት ጫፍ ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ለማያድነው ነገር ሦስት ወር ሙሉ እነዚያን ጣቶች ልታስቃጥል ነው። ለሱ ብላ ነው ወይስ ለራሷ?

በሩ ተከፈተና ባልደረባዋ ጉንጩ አብጦ ገባ። ሲያሰምር ሁልጊዜ ወደ ውጭ ትርፍ ስለሚተው "ልብስ ሰፊው" ይሉታል።

"እስካሁን አልጨረስሽም? ዶክተሯ ሰውዬው ታች እየጠበቀ ነው ብላ ሁለቴ ደወለችልኝ። አፌ ደንዝዞ ምን እንዳልኳት እንጃ።"

"አንተ ለካው።"

"ጭራሽ! ጥርሴን የተነቀልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቀዋለሁ" አለች። "ሰውዬውን አውቀዋለሁ።"

ፈገግታው ጠፋ። የሚያውቁትን ሰው መለካት ክልክል ነው። አሥራ ሰባትን አጠፋችና ወንበሩን ለቀቀችለት።

"ትርፍ እንዳትተው" አለችው። "እባክህ የኔ ጌታ፣ ዛሬን ብቻ ትርፍ እንዳትተው።"

"እናቴ ትሙት፣ በልኩ ነው የምለካው።"

እርግጠኛ ለመሆን ሁለቴ ለካ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የማውዙን ጠቅታ ስትሰማ ቆየች።

"ሠላሳ አራት" አለ በመጨረሻ። "ሁለተኛው ሠላሳ ሦስት። አይዞሽ እህቴ…"

"ላከው።"

ታች ስትወርድ፣ ሰዎች በተደረደሩበት ረጅም አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ወንድሟ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ደነገጠ።

"አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"እዚህ አይደል እንዴ የምሠራው?"

"ለካ! እኔማ ጓደኛዬን ላደርስ ነው። ጨጓራውን አሞት።"

"እሱንም ጨጓራውን?"

"ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም" አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። አጠገቡ ተቀመጠች። ጣቶቹን ጃኬቱ ሥር ከተታቸው።

ነርሷ ከክፍሉ ብቅ አለች። "አርባ አንድ ቁጥር!"

ወንድሟ ንቅንቅ አላለም። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ያነብ ጀመር።

"አርባ አንድ የለም?"

ጃኬቱን ከጭኑ ላይ አንስታ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና ተነሳች። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

"ተነስ ወንድም ጋሼ" አለችው። "ተጠርተናል።"