በባድሩ ላይ የተደገመ ዳዊት

ጯ... ጯ... ከዚያ አንድ ሳል። ሐይቁን ጉም ሸፍኖት ታንኳዋ ባትታይም፣ ዳር ላይ ዳዊቱን ዘርግቶ የተቀመጠው ሽታው የመቅዘፊያውን ድምፅ ሰምቶ የማን እንደሆነች አወቀ። ሁለቴ ቀዝፎ አንዴ የሚያስል ከባድሩ ሌላ የለም።

"መጣልህ ጠላትህ" አለችው ሚስቱ ተሾመች፣ ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን እየሞላች።

"እያነበብኩ ነው።"

"ሰባት ቀን ሙሉ ያችኑ አንዲት ገጽ። ሌላው ፊደል የጠፋብህ መስሎኝ ነበር እኮ።"

አንገቱን ወደ ገጹ ደፋ። መረቡ ከጠፋ አሥረኛ ቀኑ ነው። ማታ ሐይቁ ውስጥ ጥሎት ሄደ፤ ጠዋት ሲመጣ መረቡም የለ፣ ለምልክት የታሰረበት ተንሳፋፊ ጠርሙስም የለ። "የባድሩ ታንኳ አመሻሽ ላይ እዚያው ነበረች" አለው አንድ ሰው። ማስረጃው ይኸው ብቻ ነው። መረቡ ግን የቤቱ ጎተራ ነበር። ሄዶ እንዳይጠይቅ ኮራ፤ እንዳይተወው ነደደው። ስለዚህ አያቱ ሲያወሩ የሰማውን ያዘ፦ በበደለህ ሰው ላይ መቶ ስምንተኛውን መዝሙር ሰባት ማለዳ ትደግምበታለህ፤ በሰባተኛው ቀን ስሙን ከነእናቱ ስም ጠርተህ ትዘጋዋለህ። ለንስሐ አባቱ አልነገራቸውም፤ እንደሚቆጡ ያውቃል።

ከልጅነቱ ጀምሮ የዕለቱን ዳዊት ሳያደርስ ውሎ አያውቅም። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ሰሞኑን ግን ምስጋናውን ሁሉ ዘሎ እርግማን ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ደግሞ ሰባተኛው ቀን ነው።

ጣቱን በመስመሩ ላይ እየነዳ፣ ዳዊት የጠላቱ እናት ኃጢአት እንኳ እንዳይፋቅላት ከሚለምንበት ደረሰ። ስድስት ቀን ሙሉ እንደ ውሃ ያለፈው ቃል ነው። አሁን ስም ሊጠራ ነው። "ባድሩ" ብሎ ጀመረ። "ባድሩ፣ የ..."

የሱረያ ልጅ።

ምላሱ ቆመ። የሽታው እናት እሱን በወለደች በሳምንቷ ስትታመም፣ አንዱን ጡት ለባድሩ አንዱን ለሱ እየሰጠች ያሳደገችው እማ ሱረያ ናት። ክርስትና የተነሳ ለትም፣ ርቦት እንዳያለቅስ ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆማ የጠበቀችው እሷ ናት። እርግማኑ ባድሩ ዘንድ ለመድረስ በእሷ በኩል ሊያልፍ ነው። ለአንድ መረብ።

ቀና ብሎ አየ። ጉሙ ከላይ ሳስቶ የተራራው ጫፍ ወጥቷል። ያን ሌሊት ነፋስ ነበር እንዴ? አላስታወሰም። ነፋስም ይውሰደው ሰው፣ መረቡ ከዚያ ተራራ አንፃር ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው።

ገጹን ገለጠና የዕለቱን ዳዊት አደረሰ። ሰሞኑን ሲሻክር የከረመው ድምፁ ተፈታ።

ታንኳዋ ከጉሙ ወጥታ ዳር ደረሰች።

"ያንተ ዳዊት ርዝመቱ ከኛ የረመዳን ተራዊህ ይብሳል እኮ" አለ ባድሩ። "መረብህ ከጠፋ ወዲህ ፊትህንም አላየሁት። አብሽር፣ አላህ ይተካዋል። ና ውጣ፣ እስክትገዛ በኔ መረብ አብረን እንሠራለን። እማም 'ያ ልጄ የት ጠፋ' እያለች ነዝንዛ ጨረሰችኝ።"

ተሾመች ጀሪካኗን አስቀምጣ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። "ስሙን ጠራኸው?" አለችው በሹክሹክታ።

ሽታው ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተተና አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ታንኳዋ ላይ ወጥቶ ሁለተኛውን መቅዘፊያ አነሳ።

"አንተ ሰውዬ፣ አንተን እኮ ነው" አለች ተሾመች።

እሱ ግን መቅዘፍ ጀምሯል።