ሰውየው የገባበት መንገድ

ጸሐፊዋ የሜትሩን ጫፍ ከትምህርት ቤቱ አጥር ምሰሶ ጋር አጣብቃ ይዛለች፤ ሌላውን ጫፍ ዘበኛው ወደ ኋላ እየሄዱ ይጎትታሉ። ሠላሳ ሁለት ሜትር ሲሉ እሷ ጻፈች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ምሰሶ አለፉ። ዘበኛው አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። ኮፍያቸውን ቀጥ አድርገው ስለሚደፉ ልጆቹ ሻምበል አሏቸው፤ በዚያው ቀረ። አሁን እውነተኛ ስማቸው ያለው የደሞዝ መክፈያው ላይ ብቻ ነው።

የሚለኩት ለማመልከቻው ነበር። ትምህርት ቤቶች ጥበቃቸውን እንዲያጠናክሩ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች መኖራቸውን ፈልጋ ያገኘችው ራሷ ጸሐፊዋ ናት። ለስድስት ድርጅቶች ጻፈች። አምስቱ በትሕትና ሲሸኟት ስድስተኛው ጥያቄዎች ላከ። ርዕሰ መምህርቷ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ ሊሰጥ ያላሰበ ሰው ለመጠየቅ ምን ያደክመዋል አሉ። መልሱ እስከ ዓርብ መላክ አለበት። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ከጥያቄዎቹ አራተኛው ባለፈው ዓመት ስለደረሰው ነገር ነው። ሰውየው ከገባበት ቦታ እስከ ልጅቷ ክፍል ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት ይላል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ማን ሊያየው ይችል እንደነበር ጻፉልን።

የሆነውን የማያውቅ የለም። ልጅቷ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፍርድ ቤት እንዳይጠጋት የከለከለው አባቷ፣ የክፍሏ መምህር ወጣ ባለችበት ቅጽበት፣ በጠራራ ፀሐይ ከትምህርት ቤት ይዟት ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ወሬዋ አልተሰማም። አንድ እግር ጫማዋ የተገኘው ከኋላው አጥር፣ ከተቀደደው ሽቦ ሥር ነው። ስለዚህ በዚያው ገብቶ በዚያው ወጣ ተባለ። የኋላውን አጥር የሚጠብቁት ደግሞ ሻምበል ናቸው። ፊት ለፊት የወቀሳቸው ሰው የለም። ቀዳዳውም በማግስቱ ተሰፋ። እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የእረፍት ደወል በተደወለ ቁጥር ወንበራቸውን ተሸክመው ሄደው የተሰፋው ሽቦ ፊት ይቀመጣሉ።

ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣችም። ስሟን ከመዝገቡ ለመሰረዝ የደፈረ አልተገኘም። ጓደኞቿ ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ ስሟም አብሯቸው ተዛወረ። መምህርቷ ጠዋት ስም ስትጠራ እሷ ጋ ስትደርስ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ትላለች፤ ሠላሳ አምስት ልጆችም አብረዋት ዝም ይላሉ። ጸሐፊዋ ያንን ዝምታ ከግድግዳው ማዶ ሆና ትሰማዋለች። የፊት በሩ ደወል ሲጮህም ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ጠረጴዛዋ ሥር ሲጫኑት በሩን የሚከፍት የኤሌክትሪክ ቁልፍ አለ። ዓመት ሙሉ አልነካችውም፤ ተነስታ በእጇ ትከፍታለች። መምህራኑ ወገቧን ልታቀጥን ነው እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ልኬቱ ሲያልቅ ሻምበል እሳቸው ሰውየውን እንዲሆኑ፣ እሷ ሰዓት እንድትይዝ ሐሳብ አቀረቡ። ከተሰፋው ሽቦ ተነስተው ጓሮውን አቋርጠው፣ በመጸዳጃ ቤቱ ዞረው፣ በመምህራኑ ማረፊያ መስኮት ሥር አልፈው እስከ ክፍሉ በር ሄዱ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ። ተመልሰው ፈጠን ብለው ሞከሩት፤ ሦስት ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው ሊሮጡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸውና ግድግዳ ተደግፈው፣ ለክፉ ሥራም ጉልበት ያስፈልጋል ለካ ብለው ሳቁ። ሳቁ ፊታቸው ላይ ብዙ አልቆየም።

"ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ጓሮ አግዳሚ ወንበር እየቀባሁ ነበር" አሉ። "ዞር ያልኩት ውኃ ልጠጣ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ጓሮውን አቋርጦ ለመውጣት ይበቃል። ገብቶ፣ ልጅቷን ይዞ ለመውጣት ግን አይበቃም። ዓመት ሙሉ አሰላሁት፤ አልገጥም አለኝ።"

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደደገነች ቀረች።

"እንግዲህ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር ማለት ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ተኝቶ ነበር ብለሽ ጻፊው ልጄ። በእኔ የተነሳ ገንዘቡ እንዳይቀር።"

መጻፍ ትችል ነበር፤ አንድ መስመር ነው።

"አልተኙም" አለች። "የገባው በፊት በር ነው። የከፈትኩለት እኔ ነኝ።"

የቀረውን አጥሩን እያየች ነገረቻቸው። ሰውየው ደወሉን ሁለቴ፣ በቀስታ ደወለ። ምሳ ዕቃ ይዟል። እህቴ፣ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ምሳዋን ረስታ ነው አላት። እሷ ስልኩን በትከሻዋ አጣብቃ የፈተና ወረቀት ትቆጥር ነበር። በአውራ ጣቷ ቁልፉን ተጫነች፤ ከቀኝ ሁለተኛው ክፍል ነው ብላም አሳየችው። አመስግኗት ገባ። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር፤ ደርሷል የሚለውን ማኅተም የመታችበት ራሷ ናት። ፖሊስ በፊት በር የገባ ሰው አይተሻል ወይ ሲላት የለም አለች። የመጀመሪያ ቀን የዋሸችው ፈርታ ነው። ከዚያ በኋላ የለም ያለችው የለም ብላ ስለነበር ነው።

ሻምበል አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አልተቆጡም፤ አላጽናኗትምም።

"ምሳ ዕቃው ውስጥ ምሳ ነበረበት?" አሉ።

"አላውቅም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሂጂ ጻፊ አሏት።

ጸሐፊዋ ወደ ፊት በሩ ሄዳ የስልኳን ሰዓት አስጀመረች። በሩን ዘጋች፤ ከፈተች፤ በጠረጴዛዋ አጠገብ አለፈች። ባዶ ወንበሯን ከሰውየው በኩል ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ኮሪደሩ ፀጥ ብሏል፤ ከኋላዋ የእሷ ያልሆነ ኮቴ የሰማች መሰላት፤ አልዞረችም። ከቀኝ ሁለተኛው በር ስትደርስ ሰዓቱን አቆመችው። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ዛሬ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ልጆች ናቸው፤ አንዷ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ገጹን እንደ አዲስ ጻፈችው። የመግቢያ ቦታ፦ የፊት በር። የፈጀው ጊዜ፦ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ማን አየው፦ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፤ በሩን የከፈተችለትም እሷ ናት። የአጥሩን ወጪ ሰርዛ በምትኩ ሁለት በር ያለው መግቢያ፣ ጎብኚውን በግልጽ የሚያሳይ መስኮትና ካሜራ ጠየቀች። ልጅ መውሰድ የሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝርም ከነፎቷቸው መግቢያው ላይ እንዲቀመጥ ጻፈች።

ርዕሰ መምህርቷ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ከወጣ ገንዘቡ ሊቀር ይችላል። ያንቺ ሥራ ግን ያለጥርጥር ይቀራል።"

"አውቃለሁ።"

"ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ፣ ለምን ዛሬ?"

"ሻምበል ተኝቶ ነበር ብለሽ ጻፊ አሉኝ።"

ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ የሚሆነውን ተናገሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምሕረትም ቁጣም አልነበረም። መጀመሪያ የልጅቷ እናት ቤት ትሄዳለች፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። እሳቸውም አብረው ይመጣሉ፤ እዚያ ግን የምትናገረው እሷ ናት። ገጹ ላይ ፈረሙና ኮታቸውን ሊያመጡ ወጡ።

ጸሐፊዋ ማኅተሙን የመልሱ ሦስቱም ገጽ ላይ አሳረፈች። ቅጂ አነሳች። ዋናውን በስቴፕለር አያይዛ ፖስታው ውስጥ ከተተች፤ ክዳኑን አሽጋ አድራሻውን ጻፈችበት፤ ተላላኪው ጠዋት የሚወስዳቸው ደብዳቤዎች ላይ አስቀመጠችው።