የጋሼ አሊዪ ጥርስ

ፈይሩዝ በሸዋ ሮቢት አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ከሁሉም ነርሶች ቀድማ የተቀጠረች ናት። የጨጓራ ካሜራው ሲመጣ ካርቶኑን የከፈተችው፣ ጥቁሩን ረጅም ቱቦ ከስፖንጁ ውስጥ አንስታ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ያቀፈችው እሷ ናት። ለሥልጠና የተላከችው ግን ማህሌት ሆነች። ትናንት የመጣችው ማህሌት!

ማህሌት ከሥልጠናው ስትመለስ "ቱቦውን አትጠቅልሉት፣ ዘርግታችሁ ስቀሉት" ማለት ጀመረች። ልክ ነበረች፤ ፈይሩዝን ያንገበገባትም ልክ መሆኗ ነው። ዶክተር ናትናኤል "ማህሌትን ጥሩልኝ" ባለ ቁጥር የያዘችውን ትሪ አጋጭታ ታስቀምጣለች። ቤቷ ገብታም ወሬዋ ስለ ማህሌት ነው፤ ስለ አረማመዷ፣ ስለ ጓንት አወላለቋ። እህቷ ሳፊያ ሰልችቷት "ጠላኋት ትያለሽ እንጂ ልጅቷ ከአፍሽ አትለይም" ብላታለች።

አንድ ቀን ጋሼ አሊዪ መጡ። ቆላ ወርደው ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ፣ የፈይሩዝ እናት መንደር ሰው ናቸው። ሰሞኑን የበሉት አልረጋ ብሏቸው፣ ሰገራቸውም እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ዘይቱና፣ በቅርቡ ያገቧት በዕድሜ በጣም የምታንሳቸው ሚስታቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ ቆማለች።

"ከትናንት ማታ ወዲህ የቀመሱት ነገር አለ?" አለች ማህሌት።

"ምንም። ወላሂ፣ ውሃም አልቀመስኩ።"

"የሚወልቅ ጥርስስ?"

ጋሼ አሊዪ ዘይቱናን በዓይናቸው ጥግ አይተው ደረታቸውን ነፉ። "እኔ? ሸንኮራ በጥርሴ የምልጥ ሰው!"

ዘይቱና ሳቀች። ማህሌትም ሳቀችና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈች።

ፈይሩዝ አልሳቀችም። በሳፊያ ሠርግ ከዳሱ ጀርባ ጋሼ አሊዪ የላይኛውን የፊት ጥርሳቸውን ከነመያዣው አውልቀው በብርጭቆ ውሃ ሲያለቀልቁ አይታቸዋለች። ያኔ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው "አደራ፣ ልጄ" ብለዋት ነበር።

ልትናገር ስትል ሌላ ሐሳብ ገባባት። መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ አፍ አስከፍቶ ማየትም የማህሌት ሥራ ነው። ሠልጥና የለ? ትየዋ!

ዘይቱና ወጥታ በሩ ተዘጋ። ጋሼ አሊዪን በግራ ጎናቸው አስተኟቸው፤ ማህሌት ጉሮሯቸውን የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ረጨችላቸው፤ ምራቅ መምጠጫውን አቀረበች፤ የደማቸውን ኦክስጅን የሚለካውን መቆንጠጫ ጣታቸው ላይ አደረገች። ፈይሩዝ ጭንቅላታቸውን ደግፋ ከኋላ ቆማለች። ጥርሱ ተነቅሎ ወደ አየር ቧንቧቸው ሊገባ እንደሚችል ታውቃለች። ግን ዶክተሩ ማህሌትን በቁጣ ሲያበሻቅጣት በዓይነ ሕሊናዋ ታያት፤ ደስም አላት። ደስታው ራሷን አስደነገጣት፤ ቢሆንም አፏን አላስከፈታትም።

ማህሌት ቱቦው እንዳይነከስ የሚያደርገውን የፕላስቲክ ቀለበት አፋቸው ላይ አኖረች። ጋሼ አሊዪ አሁን ቢፈልጉም መናገር አይችሉም። ዓይናቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ፈይሩዝ አዞሩ። ምሥጢራቸውን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ አሁን የሚፈሩትም መናገሯን ሳይሆን ዝም ማለቷን ነበር። ዶክተር ናትናኤል የቱቦውን ጫፍ ወደ ቀለበቱ አቀረበ።

"ቆይ፣ ዶክተር!" አለች ፈይሩዝ። "ጥርሳቸው ይወልቃል።"

ሁሉም ቆመ። ማህሌት ቀለበቱን አወጣች፣ በጓንቷ ጣት ዳሰሰች፤ ጥርሱ ከነመያዣው ወጣ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጥርሱን እርጥብ ፋሻ ላይ አድርጋ በክዳን ዕቃ አስቀመጠችው። ከዚያ ሥራው ቀጠለ፤ ቱቦው በዝግታ ወረደ፣ የጨጓራ ቁስሉ በስክሪኑ ላይ ታየ፤ ሰገራቸውን ያጠቆረው ደም ቆሟል፤ ናሙና ተወሰደ።

ሲያበቃ ዶክተሩ "ሲስተር ፈይሩዝ ባትኖር ምን ልንሆን ነበር?" አለ። ማህሌትንም "አፋቸውን ሳታዪ?" ብሎ ገሠጻት። ፈይሩዝ ስትመኘው የኖረችው ይኸው ነበር፤ ሲመጣ ግን እንደ ሬት መረራት።

ማህሌት ዘይቱና ከመግባቷ በፊት ጥርሱን አጥባ በመጋረጃው ውስጥ አቀበለቻቸው። "አላህ ይጠብቅሽ፣ አላህ ያክብርሽ" እያሉ መረቋት። ምርቃቱም ለሷ ሆነ! ፈይሩዝ በዚህም ቀናች።

ሁለቱ ማጠቢያው ክፍል ብቻቸውን ሆኑ። ማህሌት ቱቦውን ጠርጋ፣ አየር ሞልታ ውሃ ውስጥ አጠለቀችው። አረፋ ከወጣ ተቀዷል ማለት ነው። ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ ተናገረች።

"ስጠይቃቸው ታውቂ ነበር?"

ፈይሩዝ መዋሸት ትችል ነበር። "አውቅ ነበር።"

"እኔን ጥዪኝ፣ ግድ የለም። እሳቸው ምን አደረጉሽ?"

"ምንም። ቀንቼብሽ ነው።"

አረፋ አልወጣም። ማህሌት ብሩሹን አንስታ በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ ደጋግማ ሳበች። "እኔም አጥፍቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ሚስታቸው ፊት መጠየቅ አልነበረብኝም። ማየትም ነበረብኝ። ያንቺን ግን ቶሎ አልረሳውም።"

ዶክተር ናትናኤል በሩን ከፈተ። "ማህሌት፣ ከእንግዲህ ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ ይሻላል። ማን ይሁን?"

ማህሌት ብሩሹን አስቀምጣ ወደ ፈይሩዝ ዞረች።

"ፈይሩዝ ትሁን" አለች። "ግን ከኋላዬ አይደለም፤ እጇን በማይበት ቦታ ትቁም።"

ዶክተሩ ነገሩ ሳይገባው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ፈይሩዝ ጓንቷን አጥልቃ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ማመስገን ፈለገች። እንዲህ ተበድሎ የበዳዩን ስም መጥራት መቻል ከየት ይመጣል? እሷ ብትሆን አታደርገውም ነበር። ይህንንም አወቀች፤ በዚህም ቀናችባት።