ጨው የጨመረ እጁን ያውጣ

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ድስት» ይላታል። ይህን ስም ያወጣላትን ሰው ባገኘው ኖሮ ድሮ ተጣልቼው ነበር፤ እሷ ግን ትወደዋለች። እኔ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው ነኝ፤ እሷ ደግሞ እሳት ላይ ተጥዳም የማትገነፍል ናት። ከአንድ ማህፀን ወጥተን እንዲህ መለያየታችን እናታችንን እስከ ዕለተ ሞቷ ሲገርማት ኖሯል።

በጋ ሲገባ ከተማችንና በዙሪያዋ ያሉት ሰፈሮች ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ይደግሳሉ። አንዱ ሰፈር በጭነት መኪና ላይ ቲያትር ያሳያል፤ ሌላው ግድግዳውን ለሠዓሊዎች ይሰጣል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ግጥም ያነባሉ፣ ግጥሙ ሲረዝምባቸው ደግሞ ዓሣ ይጠብሳሉ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። የእኛ ተራ የሚደርሰው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። መጨረሻ መሆናችን እኔን ያንገበግበኝ ነበር። እህቴ ግን «ተዪ እባክሽ፣ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የበላውን ነው» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። የድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ ግቢ ውስጥ መድረክ ተክለን ቲያትር እናሳያለን። መጋረጃውን እኔ እሰፋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈሩ ሾፌሮች ባንድ አላቸው፤ አለቃቸው ጡሩምባ ይነፋል፣ ምንም እንኳ በአውቶቡሱ ክላክስ ቢጫወት ይሻለው ነበር የምል ብሆንም። ሠዓሊዋ በየዓመቱ የጋራዡን ግድግዳ አዲስ ሥዕል ታለብሰዋለች። ይህ ሁሉ ያምራል፣ አልክድም። ሰው ግን የሚመጣው ለእህቴ የምስር ሾርባ ነው። ሰላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ነበረች፤ በጡረታ ሲሸኟት «ምን እንስጥሽ?» ቢሏት ትልቁን ድስት ነው የጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን፦ እህቴ ሾርባውን ቀምሳ ጭልፋውን ወደ ላይ ካላነሣች ጡሩምባ አይነፋም፣ መጋረጃ አይከፈትም፣ ማንም ማንኪያ አይጨብጥም።

ባለፈው የብርድ ወራት ክፉ ጉንፋን ጣላት። ከብዙ ቀን በኋላ ተነሣች፤ ጣዕምና ሽታ ግን እዚያው አልጋው ላይ ቀሩ። ለማንም አልተነፈሰችም። እኔ ራሴ ያወቅኩት የተበላሸ ወተት ግጥም አድርጋ ስትጠጣ አይቼ ነው። ሽታው ገና ከበሩ ነበር የተቀበለኝ። እሷ ግን ከንፈሯን ጠርጋ «ልቅዳልሽ?» አለችኝ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። «ጠግቤያለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ለምን እንደደበቀች ገብቶኛል። ከሾፌሮቹ ባንድ ጋር አኮርዲዮን የሚጫወት አንድ ሽማግሌ ነበር። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ አዘነለትና ከመድረኩ ፊት ለፊት ሪባን የታሰረበት የክብር ወንበር አዘጋጀለት። ክፋት የለበትም ሰውዬው፤ ደግነቱ ነው የሚያስቸግረው። ተጨበጨበ፣ አበባ ተሰጠ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ተቀመጠበትና ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው ዝር አላለም። እህቴ ያን ጊዜ «ሰውየውን ከነነፍሱ ቀበሩት» ብላ ነበር። እሷም ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ጎጆ ወጥተዋል፤ የቀራት ይሄ ድስት ነው። ምላሷ መሞቱ ከታወቀ ጭልፋው ለሌላ ይሰጥና እሷ ሪባን ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ይህን እያወቅኩ ምን ብዬ ላውራ? የሆዴን በሆዴ ይዤ ተቀመጥኩ።

የድግሱ ቀን መጋረጃዬን እየተኮስኩ ከሩቅ አያት ነበር። አቤት ሥራ! ሽንኩርቱን በጆሮዋ ነው ያበሰለችው። አንገቷን ወደ ድስቱ ዘንበል አድርጋ ትሰማና «ጩኸቱ ቀነሰ፣ ውሃው አልቋል» ብላ ዘይት ትጨምራለች። የነጭ ሽንኩርቱን መብሰል በመልኩ ታውቃለች። የምስሩን በሁለት ጣቷ መሃል ጨፍልቃ። ሾርባው መወፈር አለመወፈሩን ደግሞ ማማሰያውን ስታዞር ክንዷ ይነግራታል። እኔ መነጽር አድርጌም መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስንት ጊዜ ነው የምራገመው! ይቺ ሴት ግን ዋናው ነገር ተወስዶባት በተረፋት ነገር ሁሉ ታበስላለች። ኮራሁባት፤ እውነቴን ነው፣ ኮራሁባት።

ታዲያ የእኔ ሙያ ስፌት እንጂ ወጥ አይደለም። ድንገት ዳቦው መምጣቱን ልታይ ወደ በሩ ስትሄድ ሹልክ ብዬ በማንኪያ ቀመስኩ። ጨው የሚባል አልነካውም! ረስታዋለች፤ ብትቀምሰውስ በምን ታውቀዋለች? ያ ሁሉ ሕዝብ ሊበላ ነው፣ ጉዷ ሊወጣ ነው። ግራ ቀኝ አየሁና አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬ፣ አማስዬ፣ ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ። የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ካውያዬን ይዤ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። እህቴ ነጭ ሽርጧን አስራ ድስቱ ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በማንኪያ ቀመሰች፤ ጥቂት አሰበች፤ ጭልፋውን ወደ ላይ አነሣች። ጡሩምባው አምባረቀ፣ ሳህን ተንኳኳ፣ እኔም የመጀመሪያውን ጎረስኩ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባሕር ነው እንጂ ሾርባ አይደለም!

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ ይውጣል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ!» ይላሉ ከንፈራቸው ደርቆ። «እንዴት ይጣፍጣል!» ይላሉ ዳቦ በዳቦ ላይ እየጎረሱ። ሊቀመንበሩማ ግንባሩን በላብ አጥቦ፣ ጭራሽ ይጨመርልኝ ብሎ ሳህኑን ዘረጋ። እህቴ ግን ሰላሳ ዓመት ልጆች ሲበሉ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ሳህን አይታ አይደለም፣ ፊት አይታ ነው የምትፈርደው። የሊቀመንበሩን ፊት አየች። ከዚያ ግቢው ጥግ ያለውን የውሃ ቧንቧ አየች። እዚያ ያለው ሰልፍ ከድስቱ ሰልፍ በልጧል።

በጣቷ ጠራችኝ።

«ጨው በዝቷል?»

«ኧረ በጭራሽ! ልክ ነው።»

«በእናታችን አጥንት ማይልኝ።»

ዓይኔን ወደ ሳህኔ መለስኩ። እሷም ጭልፋውን እንደያዘች ወደ መድረኩ ወጣች፣ ባንዱን በእጇ ምልክት አስቆመችና ማይክሮፎኑን ተቀበለች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

«ጨው የጨመረ እጁን ያውጣ» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እህቴ ናት፤ እጄን አወጣሁ። ዓይኖቿ እኔ ላይ ሳይቆዩ ወደ ኋላዬ ሄዱ። ዞር ብዬ ሳይ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ በዱቄት የነጣ እጁን አውጥቷል። ከመድረኩ ላይ ሾፌሩ ጡሩምባውን ብድግ አደረገ። ሠዓሊዋ በሰማያዊ ቀለም የተለወሰ እጇን አወጣች። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ፣ ሳህኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ እንደ ተማሪ ቀስ ብሎ አወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ አብረን ሾርባ ገደልን።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለች እህቴ።

«እኔ ጨው የረሳሁበትን ዳቦ በልተው ‹እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም› ያሉኝ ዕለት ነው» አለ ጋጋሪው።

«አውቶቡሱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጥሎ ሰው በመስኮት ሊዘል ሲል አንቺ ተረጋግተሽ ሹራብ ትሠሪ ነበር» አለ ሾፌሩ።

ሠዓሊዋ «ቀለም መበጥበጫዬን ጎንዎ አስቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሽታ እያለ ቅር እንኳ አላለዎትም» አለች። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መድኃኒት ቤት መጥተው ‹ጣዕም ለጠፋባት ለአንዲት ጓደኛዬ ምን ይሻላታል?› ብለውኝ አልነበር? ጓደኛዎ እንደ እርስዎ ጡረተኛ አብሳይ መሆኗንም ነግረውኛል።»

ሳቅ አፈነን፤ ማንም ግን ሊስቅ አልደፈረም። እያንዳንዳችን የምናውቀው እኛ ብቻ መስሎን ወራቱን ሙሉ ምስጢሯን ስንጠብቅላት ከርመናል።

«ስሙኝ» አለች እህቴ። «እኔ ምስሩ ሳይፈርስ ጨው አላደርግም። ጨው ቀድሞ ከገባ ምስር ይጠነክራል። እናንተ የቀመሳችሁት ገና ጨው ያልገባበትን ነው። እኔ በሰዓቱ፣ በመዳፌ ለክቼ አድርጌያለሁ። የረሳው ምላሴ ነው፤ እጄ አልረሳም!»

ጋጋሪው «የእኛ ጨው ከሊጡ ጋር ነው የሚገባው፣ እኔ ምን አውቄ» ብሎ አጉረመረመ።

«እሺ፣ ካወቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጭልፋውን እንዳይወስዱብዎት ብዬ ፈርቼ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማን ነው የሚወስድብኝ?»

ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና «እንጃ… እኔ» አለ።

ያን ጊዜ የታፈነው ሳቅ ሁሉ ፈነዳ። እህቴ ፊቷን ወደ መጋረጃዬ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሮጬ ወጣሁ። እያለቀሰች ነው ስል ትስቃለች፣ እየሳቀች ነው ስል ታለቅሳለች። ሽርጧን ያዝኩ። ፊቷን በመጋረጃዬ ጠረገች፤ ያን ሁሉ የተኮስኩትን! ሌላ ሰው ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር።

ወደ ማይክሮፎኑ ስትመለስ እንደ ጄኔራል ነው የተናገረችው። «ድንች ያለው ድንች ያምጣ፤ ምስር ያለው ምስር። ሁለተኛ ድስት እፈልጋለሁ። አንተ» አለች ሾፌሩን፣ «ድንቹ እስኪበስል ንፋ፤ ቀስ ያለ ነገር ይሁን፣ እጃችንን እንዳንቆርጥ።»

ሰው ወደየቤቱ ተበተነ፤ ሄዶ የሚቀር መስሎኝ ነበር፣ ሁሉም እቅፉን ሞልቶ ተመለሰ። ሾርባው ለሁለት ተከፈለ፤ ጨው የሌለው ምስር፣ ውሃና ድንች ተጨመረበት። ተዋናዮቹ ተራቸው ገና ስላልደረሰ መድረኩ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ድንች ላጡ። ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ዘውዱን እንደደፋ ነበር የላጠው። ቲያትሩም እንደዚያው፣ ልጣጩ ሳይጠረግ ተጀመረ። ብዙ በጋ አይቻለሁ፣ ብዙ ቲያትር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ግን አላየሁም። እህቴ በሁለት ድስት መሃል ቆማ በአንድ ጆሮዋ ይሄኛውን፣ በሌላው ያንኛውን ትሰማለች። እንዲህ ያለች ሰው እህቴ እንድትሆን ምን አድርጌ ተገባኝ እላለሁ።

ድንቹን በጣቷ ጨፍልቃ አየች። ሎሚ ጨመቀችበት። ከዚያ ማንኪያ ሞልታ ወደ እኔ ዘረጋች። በሕይወቷ ለማንም ቅመሱልኝ ብላ አታውቅም።

«ቅመሺልኝ» አለች።

ቀመስኩ። «ጣፍጧል።»

ማንኪያውን አልተቀበለችኝም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጣፍጧል ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። «እኔ እኮ እየረሳሁት ነው። በደንብ ንገሪኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከእጇ በልቻለሁ፤ ምን ምን እንደሚል አንድ ቀን ቆም ብዬ አስቤ አላውቅም። እንደገና ቀመስኩ።

«መጀመሪያ ምስሩ ነው የሚመጣው» አልኳት። «ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይላል፣ ደስ የሚል። ከኋላው ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ብዙ አይጮህም። ቲማቲሙ ኮምጠጥ ያደርገዋል።»

«ሎሚውስ?»

«ሎሚው ወዲያው አይታወቅም፣ እትዬ» አለ ጋጋሪው፣ ሳህኑን ይዞ ከኋላዬ። «ከዋጡት በኋላ ነው ጎንና ጎን ምራቅ የሚያመጣው።»

«ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ያደርጋል፤ አያቃጥልም፣ ሞቅ ብቻ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ድንቹ ጨውን ጠጥቶታል» አለች ሠዓሊዋ። «ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ጣፋጭ ነገርም አለው።»

እህቴ ዓይኖቿን ጨፍና ታዳምጣለች። ከንፈሯ እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ አልጠረገችውም። የተራበው ሰልፍ እስከ ግቢው በር ደርሷል፤ ቶሎ በሉ ያለ ግን አልነበረም።

«ቀጥሉ» አለች።